ቡላን የሚያሳክከው ምንድን ነው? ከግንፍሌ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 5

ቡላ ሦስት ዓመቱ ነው፤ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከማልቲዝ የተዳቀለ፣ ፀጉረ ረጅም ትንሽ ውሻ። ዓምና ክረምቱ ሲወጣ የፊት መዳፎቹን ይልስ ነበር፤ ጥቅምት አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ተወው። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ገና ሳይጠና ጀመረው፤ ያሳከከውም መዳፉን ብቻ አይደለም። ጅራቱ ሥር ያለው ፀጉር ሳስቷል። ሆዱ ላይና ብብቱ ውስጥ ቀያይ ሽፍታ አለ። ጆሮው ቡናማ ኩክ ያወጣል፤ ገላው ታጥቦ በማግስቱ ይሸታል። ሌሊት እየተነሣ ይፎክታል።

በከተማችን በአዲስ አበባ ትንንሽ ውሻ በኪራይ ቤትና በኮንዶሚኒየም የሚያሳድግ ሰው በዝቷል። ሲያሳክካቸው የሚሆነውን በየቤቱ አይቻለሁ፦ አንድ ቅባት ይሞከራል፣ ሻምፑ ይቀየራል፣ መርፌ ይወጋል፣ ጥቂት ቀን ጋብ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። እንስሳው የት እንደሚያመው ተናግሮ አያስረዳም። ስለዚህ የማየውንና የማደርገውን ሁሉ በቀን በቀኑ እጽፍለታለሁ።

ሁለት ደንብ አውጥቻለሁ። አንደኛ፣ በየማታው ከ0 እስከ 10 ነጥብ እሰጠዋለሁ። 0 ማለት እንደ ጤነኛ ውሻ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያክ፣ 10 ማለት መብላትም መተኛትም ትቶ የሚፎክት ነው። የቆዳ ሐኪሞችም ባለቤቱን በዚሁ ዓይነት ሚዛን ነው የሚጠይቁት። የዛሬው 8 ነው። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን አላፋልስም፦ መጀመሪያ ተባይ፣ ቀጥሎ የቆዳ ኢንፌክሽን፣ ቀጥሎ ምግብ፣ በመጨረሻ አየሩና አቧራው። ተባይ የሚቀድመው በብዛት የሚገኘውም፣ ሙሉ በሙሉ የሚድነውም እሱ ስለሆነ ነው። ደግሞ ማሳከክ ይደመራል። ለሣር ብናኝ ትንሽ አለርጂ ያለው ውሻ ምንም ሳይታይበት ሊኖር ይችላል፤ ቁንጫው ሲጨመርበት፣ ፈንገሱ ሲጨመርበት ግን መቻል ያቅተዋል። ከድምሩ ላይ አንዱን ባነሣሁ ቁጥር ነጥቡ ስንት እንደወረደ ማየት እፈልጋለሁ።

ሰኔ 6

ለሕፃናት ቅማል የሚሸጠው ጥርሱ የጠበቀ ሚዶ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቡላን ነጭ ወረቀት ላይ አቁሜ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ሥር አበጠርኩት። አንድም ቁንጫ አላገኘሁም። ከሚዶው የረገፈው ግን ደቃቅ ጥቁር ብናኝ ነበር። ወረቀቱን በውሃ አርከፈከፍኩትና ጠበቅሁ፤ በየብናኙ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ቀለም ተሰራጨ። አፈር እንዲህ አይሆንም። የቁንጫ ኩስ የተፈጨ ደም ስለሆነ ነው ውሃ ሲነካው የሚቀላው።

ቁንጫው ራሱ አለመታየቱ ነገሩን አያስተባብለውም። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሆነ ውሻ ሲልስና ሲነክስ ውሎ ያገኘውን ሁሉ ለቅሞ ይውጠዋል፤ ጥቂት ንክሻ ደግሞ ለቀናት ያሳክከዋል። «ውሻዬ ላይ ቁንጫ አላየሁም» ብሎ ተባይን ከዝርዝሩ መሰረዝ አይቻልም። የሳሳው ፀጉር ጅራት ሥርና ከወገብ በላይ መሆኑም ወደ ቁንጫ ይጠቁማል።

ሰኔ 9

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ዋልን። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እኛ ነበር፦ «እናንተንስ ያሳክካችኋል? ክንዱ ላይ፣ ሆዱ ላይ ሽፍታ የወጣበት ሰው ቤት ውስጥ አለ?» የውሻ እከክ የሚባለው፣ ቆዳ ውስጥ እየቆፈረ የሚኖረው በዓይን የማይታይ ተባይ፣ ከውሻ ወደ ውሻ በፍጥነት ይተላለፋል፤ ሰውንም ለጊዜው ያሳክካል። በሰፈራችን በር ላይ የሚያድሩ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። በቤታችን ቁርጭምጭሚታችን ላይ ካሉት ጥቂት የቁንጫ ንክሻዎች በቀር ምንም የለም።

ቀጥለው የቡላን ጆሮ ጠርዝ በሁለት ጣት አሹት። እከክ ያለበት ውሻ ሲታሽ ብዙ ጊዜ የኋላ እግሩን ለማከክ ያነሣል፤ ቡላ አላነሣም። ከጆሮው ጠርዝና ከክርኑ ቆዳ ፈቀፈቁና በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ተባይ የለም። ዶክተሩ ግን በዚህ አልረኩም፤ ይህ ተባይ እያለም በፍቅፋቂው ውስጥ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ቁንጫንም እከክንም ባንድነት የሚያጠፋ፣ በወር አንዴ የሚታኘክ አፎክሶላነር የተባለ ክኒን ሰጡት። ከመስጠታቸው በፊት የሚጥል በሽታ ኖሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ማሳሰቢያ አለ፤ አንዳንድ ውሾች ላይ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ቡላ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮት አያውቅም።

ከሆዱና ከጣቶቹ መካከል በስላይድ አትመው ቀለም ነክረው ሲያዩ ሁለት ነገር ተገኘ፦ ክብ ክብ ባክቴሪያና ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ። እኔም በማይክሮስኮፑ አየሁት፤ ወገቡ ሰርጎ እንደ ጫማ ዱካ ነው። ሁለቱም በጤነኛ ቆዳ ላይ በጥቂቱ የሚኖሩ ናቸው፤ ቆዳው ሲጎዳ ግን ይራባሉ። ሽታውም ከዚያ ነው የመጣው። ኢንፌክሽኑ ከላይ ከላይ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ክኒን አላዘዙም፤ ባክቴሪያንና ፈንገስን የሚገድሉት ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል ያሉበት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ አዘዙ። የጆሮው ታምቡር መታየቱን አረጋግጠው ጠብታ ሰጡኝ። በጥጥ እንጨት መጎርጎርና አልኮል መጨመር ክልክል ነው።

እንቅልፍ እንዲያገኝ ለጥቂት ቀን ማሳከክን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ተሰጥቶታል፤ ከ5 ሚሊ ግራሟ ክኒን ግማሽ፣ ቀስ እየተባለ የሚቀነስ። ውሃ ያስጠጣል፣ ያሸናል፣ ያስርባል፤ በድንገት አይቋረጥም። ከሰው የሕመም ማስታገሻ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይገናኝም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ብቻቸውንም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ሰኔ 10

ግቢያችን የጋራ ነው፤ አምስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ የማንም ያልሆኑ ግን ሁሉም የሚያበላቸው ድመቶች። የቡላ ነገር ስለተሰማ ምክር መጣ። እማማ ከደጃቸው ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኛ ገጠር እያለን ውሻ እከክ ሲይዘው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነበር የምንቀባው። ካልሆነም ነጭ ጋዝ። ይድን ነበር እኮ።»

«እማማ፣ ይልሰዋል እኮ፤ የተቀባውን ሁሉ ነው የሚውጠው። በቆዳውም ይሰርጋል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ አንዳንዱ ሞቷል» አሉ ቆየት ብለው። ከዚያም እንዶድ አነሡ። እንዶድን የምናከብረው ተክል ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድለው ያው አረፋው ዓይንንና ቆስሎ የተጋለጠ ቆዳን ያቃጥላል፤ ተልሶ ሲዋጥ ደግሞ ሆድ ይበጠብጣል። ለልብስ እንጂ ለቡላ አይሆንም።

ሌላ ጎረቤት ለበግ የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ከልቡ ነው። ሒሳቡን ላስቀምጠው። የበሬና የበግ መርፌው 1 በመቶ ነው፤ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ግራም እንስሳ የተሠራ ነው። ለቡላ በዚያው መጠን ቢሰላ ከአንድ ሚሊ ሊትር ወደ አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። በተራ መርፌ እጅ ትንሽ ዘለል ቢል ሁለት ሦስት እጥፍ ይገባል። ኮሊ የሚባሉት የበግ ጠባቂ ውሾችና ዘመዶቻቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ከአንጎል የሚከላከለው ጂናቸው የጎደለ ስለሆነ በትንሹም ሊሞቱ ይችላሉ። የዘር ሐረጉ በማይታወቅ ዲቃላ ላይ ይህን መገመት አይገባም።

ሰኔ 13

የዛሬው ሥራ ውሻው ላይ ሳይሆን ቤቱ ላይ ነው። በአንድ ቤት ካለው ቁንጫ እንስሳው ላይ የሚገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ 5 በመቶ ገደማ ይባላል። የቀረው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ (እጩ ጎጆ ሠርቶ የሚተኛበት ደረጃ) ሆኖ ወለል ውስጥ አለ። አንዲት እንስት ቁንጫ በቀን 40 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፣ ውሻው በሄደበት ይረግፋል።

ቤታችን ያረጀ የአራት ኪሎ ቤት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የጣውላ ወለል። በጣውላው መካከል ያለው ስንጥቅ አቧራ የሞላው፣ ጨለማና እርጥበት ያለው ስለሆነ ለእጩ የተመቸ ነው። ምንጣፉን አውጥተን ፀሐይ ላይ አራገፍን። ስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ እየቆፈርን ጠረግን፣ ከጎረቤት በተዋስነው ቫኪዩም መጠጥን፣ የመጠጠውን ቋት ውጭ አውጥተን በላስቲክ አስረን ጣልን። በሳሙና የፈላ ውሃ ወለወልን። የቡላ ብርድ ልብሶች ተቀቀሉ።

የቡላ መኝታ አጎዛ ነበር። ክረምት ላይ ሞቃት ስለሆነ ይወደዋል፤ ነገር ግን ሊቀቀል አይችልም፣ ጠጉሩ ውስጥ የገባው እንቁላልም አይወጣም። ከቤት አስወጣሁትና በሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ተካሁለት። ሁለት ሌሊት አጎዛው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ሲያየኝ አንጀቴን በላው።

ድመቶቹን ለብቻ መጻፍ አለብኝ። ውሻውን ብቻ አክሞ ድመቶቹን መተው ቁንጫውን ከግቢው አያወጣም፤ ድመትንም ውሻንም በብዛት የሚይዘው ያው አንድ የቁንጫ ዝርያ ነው። ለውሻ የተሠራውን ሁሉ ግን ድመት ላይ ማድረግ አይቻልም። ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበት የውሻ ጠብታ ድመትን ይገድላል። ለድመት የተፈቀደ ጠብታ ገዝተን፣ ልጆቹ በዓሣ ጭንቅላት እያባበሉልን፣ የተያዙትን ሁሉ ማጅራታቸው ላይ አንጠባጠብን። ወጪውን አምስታችንም ተካፈልን፤ ይህ በጣም አስደስቶኛል።

ሰኔ 18

ነጥብ 6። ስለ ገላ እጠባው። ሻምፑው የሚሠራው ቆዳው ላይ ሲቆይ ነው፤ አሥር ደቂቃ በሰዓት ተይዞ። ቶሎ የታጠበ ክሎርሄክሲዲን የሚያጸዳው ፀጉሩን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ «በሳምንት ሁለቴ» የሚለው ትእዛዝ ከቧንቧው ጋር መስማማት አለበት፤ ለቡላ የሚሆን ጀሪካን ለብቻ ሞልቼ አስቀምጫለሁ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ማሳከክን ይቀሰቅሳል። የምናጥበው ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፣ እርጥብ ፀጉር ይዞ ያደረ ትንሽ ውሻ ደግሞ በአዲስ አበባ የሰኔ ሌሊት ይንቀጠቀጣል፤ በጣቶቹ መካከል የቀረውም እርጥበት ለፈንገሱ ይመቸዋል።

የሰው ሻምፑ ቀርቷል። የሰው ቆዳ አሲዳም ነው፣ የውሻ ወደ ገለልተኛነት ያዘነብላል፤ ለእኛ የተመጠነው እሱን ያደርቀዋል። በሁለቱ እጠባ መካከል ሆዱ ሲቀላ አጃ እጠቀማለሁ፦ ለአጥሚት ከሚሆነው እጅግ አልሜ ፈጭቼ፣ በለብ ያለ ውሃ በጥብጬ፣ በነጠላ አጥልዬ አፈስበታለሁ። ሲፈስበት ዓይኑን ይጨፍናል።

ሐምሌ 3

ቁንጫ እንደገና ታየ፤ እማማ ነጠላ ላይ። ግቢው «መድኃኒቱ አልሠራም» አለ። ሠርቷል። ሙሽሬው በጎጆው ውስጥ ሆኖ ጠራጊም መርዝም አይደርስበትም፤ ለወራት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ሙቀት፣ ርምጃና ትንፋሽ ሲሰማው ይፈለፈላል። የግንፍሌ ቅዝቃዜ ደግሞ ዑደቱን ያራዝመዋል እንጂ አያጠፋውም። የተፈለፈለው ቡላ ላይ ወጥቶ ሲነክስ መድኃኒቱን ጠጥቶ ይሞታል፤ እንቁላል ሳይጥል። ስለዚህ መፍትሔው መድኃኒት መቀየር ሳይሆን ወርኃዊውን አለማስተጓጎልና መጥረጉን መቀጠል ነው። ይህን ለአምስቱም ቤት እየዞርኩ ተናገርኩ።

ዛሬ ሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። ይህም ከቁንጫው የመጣ ነው፤ የትሉን እጭ የተሸከመ ቁንጫ የዋጠ ውሻ የኮሶ ትል ዓይነት ይይዘዋል። ዶክተሩ ፕራዚኳንቴል የተባለ የትል መድኃኒት ሰጡት።

ሐምሌ 16

ነጥብ 4። ጅራቱ ሥር አዲስ ፀጉር በቅሏል፤ አጭር፣ ለስላሳ። ሽታው ጠፍቷል። በስላይድ ሲታይ ባክቴሪያው የለም፣ ማላሴዚያው ከስንት አንድ ነው። ጆሮው ጸድቷል።

ግን 4 ላይ ቆሟል። ማታ ማታ መዳፉን ይልሳል፣ ፊቱን ምንጣፍ ላይ ያሻል። ሦስተኛው በር ይከፈት።

ሐምሌ 24

የምግብ ሙከራው ተጀመረ። ውሾችን በብዛት አለርጂ የሚያደርጉት ምግቦች የታወቁ ናቸው፦ የበሬ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ዶሮ፣ ስንዴ። ቡላ እነዚህን ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ በልቷል፤ አለርጂ ደግሞ በተለመደ ምግብ እንጂ በአዲስ ምግብ አይጀምርም። የደምም የምራቅም ምርመራ ይህን አያረጋግጥም። ብቸኛው መንገድ በልቶት የማያውቀውን አንድ ፕሮቲንና አንድ ድጋፍ ምግብ ብቻ፣ ቢያንስ ለ8 ሳምንት መስጠት ነው።

ከውጭ የሚመጣው ፕሮቲኑ የተሰባበረ ልዩ ምግብ ዋጋው ለእኛ አይሆንም። ፍየል አሰብኩ፤ ከበግ ሥጋ ጋር ይቀራረባል፣ እሱን ደግሞ ቀምሷል። ዓሣ ግን ቀምሶ አያውቅም። ቆሮሶ መረጥን፤ አጥንቱ በጥንቃቄ የተለቀመ፣ ከስኳር ድንች ጋር የተቀቀለ፣ ጨው የሌለው፣ ዘይት የሌለው። ዶክተሩ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ፤ ይህ ምግብ ካልሲየምና ሌሎች ነገሮች ይጎድሉታል፣ ለጎልማሳ ውሻ ለሙከራው ጊዜ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ለቡችላማ ጭራሽ።

ከዚህ ጋር የሚታኘከው ክኒን ቆመ። የበሬ ጣዕም አለው፤ ሙከራውን ያበላሻል። በምትኩ ማጅራቱ ላይ የሚንጠባጠብ ሆነ፤ ከገላ እጠባው በሁለት ቀን ተራርቆ።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ነው፤ ግቢው በሙሉ ስለሚጾም የሥጋ ፍርፋሪ የሚወረውርለት የለም። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ሽሮውን ግን ስለ ራሱ ጉዳይ እጠብቀዋለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ወጥ የነካ እንጀራ ለትንሽ ውሻ የዋህ ምግብ አይደለም፤ አለርጂ ቢኖርም ባይኖርም።

ነጥብ 4።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች ሲመጡ ሙልሙል በየእጃቸው ነበር። የግቢያችንን ሕፃናት ቀድሜ ጠርቼ ሥራ ሰጥቻቸው ነበር፦ «ቡላ ሕክምና ላይ ነው፤ ማንም ምንም እንዳይሰጠው የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።» ታናሿ ከበሩ እስከ ቧንቧው እየተከተለችው ዋለች። የውጭ ልጅ የወረወረለትን ቁራሽ ግን ከአፉ ማውጣት አልተቻለም። ስንዴ፣ ትንሽ ቁራሽ፣ ማታ 1 ሰዓት ገደማ፤ ተጽፏል። በቀጣዮቹ ቀናት ነጥቡ አልተነቃነቀም።

መስከረም 2

ትናንት እንቁጣጣሽ ነበር። የዶሮው አጥንት በክዳን ተዘግቶ ተጥሏል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። ምግቡ አልተነካም። ነገር ግን ቤቱ ሁሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበር፤ ቡላም ቀኑን ሙሉ ሆዱን ዘርግቶ ተኛበት። ዛሬ ጠዋት ፀጉር የሌለበት የሆዱ ክፍል በሙሉ ቀልቷል፣ ብብቱም፣ መዳፉም። ነጥብ 7።

ጉዝጓዙን ጠርጌ አወጣሁ፣ በአጃ ውሃ አጠብኩት። ምግቡ ያው ዓሣና ስኳር ድንች ነው፤ ቁንጫ በሚዶ የለም። የዓምናውን መስከረም አስታወስኩ።

መስከረም 15

ስምንቱ ሳምንት ሞላ። የእንቁጣጣሹን ሰሞን ትተን፣ ሲጀመር 4፣ ዛሬም 4። ምግብ አይደለም። ዶክተሩ «ካልተሻለው በድሮው ምግብ መፈተን አያስፈልግም፤ ቀስ ብለሽ መልሺው» አሉኝ። አንዳንድ ሰው ሙከራው «አልተሳካም» ይላል። ለእኔ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ቡላ ዕድሜውን ሙሉ በልዩ ምግብ መኖር የለበትም፣ እኔም ከዓሣ ቤት ደጃፍ መሰለፍ የለብኝም።

ጥቅምት 4

መስቀል ላይ የበሬ ሥጋ ቀምሷል፤ ለሁለት ሳምንት ተከታተልኩት፣ ምንም። የቀረው አንድ ነው፦ አቶፒ፣ የአካባቢ አለርጂ። ይህን «አዎ» ብሎ የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ የለም፤ ሌላው ሁሉ ሲነሣ የሚቀረው እሱ ነው። ምልክቱ ይገጥማል። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ይጀምራል፤ መዳፍ፣ ፊት፣ ጆሮ፣ ብብትና ሆድ ይይዛል፤ የሣር ብናኝ የሆነ እንደሆነ በወቅት ይመጣል። በእኛ ሣሩ የሚያብበው ዝናቡ ሲያቆም ነው። በዚያ ላይ የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖረው ማይት የሚባል በዓይን የማይታይ ተባይ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ አጎዛው ከእሱም አንጻር መሄዱ ጥሩ ሆነ። የደም ወይም የቆዳ ምርመራ የሚጠቅመው ለየትኛው ብናኝ ክትባት እንደሚዘጋጅ ለመምረጥ ነው፤ ያንን መንገድ አሁን አልያዝንም።

ይህ አይድንም፤ ይያዛል። ያለንን አማራጭ ከዶክተሩ ጋር ቁጭ ብለን አየን። ፕሬድኒሶሎን ርካሽና ፈጣን ነው፤ ወራት ሲወሰድ ግን ሰውነትን ይጎዳል። ሴትሪዚን የሚባለው የሰው የአለርጂ ክኒን ለጥቂት ውሾች ይረዳል፣ ለብዙዎቹ ደካማ ነው፤ ፕሱዶኤፌድሪን የተቀላቀለበትን የጉንፋን ዓይነት ማንሣት ደግሞ አደገኛ ነው። ሎኪቬትማብ የሚባለው በየወሩ የሚወጋው ጥሩ ነው ይላሉ፤ ከፋብሪካ እስከ ክንድ በቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያንን የሚያረጋግጥልኝ አላገኘሁም። ኦክላሲቲኒብን መረጥን። የማሳከክን መልእክት ራሱን የሚያግድ ነው፤ ለቡላ ክብደት 3.6 ሚሊ ግራም የሆነችው ትንሿ ክኒን ትበቃለች። በቀን ሁለቴ እስከ 14 ቀን፣ ከዚያ በቀን አንዴ። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ውሻና ከባድ ኢንፌክሽን ላለበት አይሰጥም። ለዚህ ነው ኢንፌክሽኑ መጀመሪያ መጽዳት የነበረበት።

ጥቅምት 6

ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። ነጥብ 2።

ጥቅምት 19

ክኒኗ በቀን አንዴ ሆናለች። ከእሷ ይልቅ ግን በየቀኑ በእጄ የምሠራውን ልጻፍ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነውና። በግቢው በር ውስጥ አንድ ትንሽ ሳፋ አለ። ከሽርሽር ስንመለስ አራቱንም መዳፍና ሆዱን በንጹሕ ውሃ እለቃለቅለታለሁ፣ በጣቶቹ መካከል አደርቃለሁ። ከወንዙ ዳር ሣር ይልቅ ወደ አራት ኪሎ በሚወጣው አዲሱ የእግረኛ መንገድ እንሄዳለን። የሆዱ ፀጉር አጭር ሆኖ ተከርክሟል። መኝታው በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። የዓሣ ዘይት ጀምሯል፤ እሱ ለውጥ የሚያሳየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ አሁን አልፈርድበትም። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ የሚጨሰው በረንዳ ላይ ሆኗል፤ እማማ ራሳቸው ናቸው ያዘዙት።

ኅዳር 12

የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው ጭስ ነው። ቡላን ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ አቆየሁት፣ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩ። ዓይኑ ትንሽ አለቀሰ። ማታ ነጥብ 3።

ኅዳር 20

ሣሩ ደርቋል። ነጥቡ ወደ 2 ወርዶ ነበር፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ 1 ነው። ከዶክተሩ ጋር ተነጋግረን ክኒኗን ቀስ ብለን አቆምናት፤ እጠባው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ወርኃዊው የቁንጫ ጠብታ በበጋም አይቋረጥም፤ የሚቀጥለው ኅዳር 30 ነው፣ የድመቶቹም በዚያው ቀን። ለከርሞ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እጠባው ወደ ሳምንታዊ ይመለሳል፣ ጳጉሜን ላይ ሐኪም ያየዋል፣ ዓውደ ዓመት ላይ ቡላ የሚውልበት ክፍል ቄጤማ አይጎዘጎዝበትም። የግቢው ሰው ሁሉ ተነግሮታል።